በከባድ ማርሽ

ከፋብሪካው በር እስከ ቤቴ
ሩብ ሰዓት አይፈጅም በእግሬ፤
እኔ ግን በበረሳ ድልድይ ዞሬ
አንድ ሰዓት እሄዳለሁ፣ ማታ ማታ፣ ለሕይወቴ።
የጠባሴ ብርድ ጆሮ ይቆርጣል፣
ያየኝ ሁሉ «ይሄ ሰው ምን ነካው?» ይላል።

በአጭሩ መንገድ ላይ የእትዬ ዝናሽ ቤት አለ፣
ጣሳው እንጨት ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ።
ክፉ ሴት አይደለችም፤ ዱቤ አትከለክል፣ ምራቂ አታጎድል፣
ልጆች ታሳድግበታለች፤ የኔ መውደቅ የሷ ጥፋት አይደል።

አምና፣ ሰባት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ቆጥሬ፣
በደሞዝ ዕለት ሄድኩ፣ በአጭሩ፣ በርሬ።
«አንዲት ብቻ» አልኩ።
አንዲት ብቻዋን መጥታ አታውቅም፤
እህት አላት፣ እህቷም እህት አላት፣ ዘመዷ አያልቅም።
ሲነጋ የግራ ጫማዬ የለም፣
የልጄ የደብተር ብር የለም፣
ሰባቱም ወር የለም።

ያነሳኝ ጋሽ እንግዳወርቅ ነው፣
ሠላሳ ዓመት ጣርማበርን በጉም የወረደ ሰው፤
ዘጠኝ ዓመቱ እሱ፣ ካቲካላ ካልቀመሰ።
አልገሠጸኝም፣ አላለቀሰ፤
ሻይ አዘዘ፣ ስኳሩን አበዛበት፣
ጠረጴዛው ላይ በጣቱ ጠመዝማዛ እየሳለበት፦

«ልጄ፣ ፍሬን ማመን ነው ሰውን ገደል የሚከት፤
መሃል ቁልቁለት ላይ ሲግል፣ ሲሸት፣
እግርህ ሥር ባዶ ይሆናል።
አዋቂ ሹፌር ሜዳው ሳያልቅ
ገና አፋፉ ላይ ከባድ ማርሽ ያስገባል።
አንተ ግን መለኪያው ከንፈርህን ሲነካው
ያኔ ነው ፍሬን የረገጥከው።
ቁልቁለትህ ከየት ይጀምራል? ንገረኝ፣ እንጻፈው።»

በሲጋራ ወረቀት ጀርባ ጻፍን።
የደሞዝ ቀን።
ከሚስቴ ጋር ተኳርፈን ያደርንበት።
የሌሊት ፈረቃ አልቆ እንቅልፍ እምቢ ሲል።
የለቅሶ ድንኳን።
ደግሞም፣ ስናገረው አፈርኩ፣ ደስታ፤
ልጄ ከክፍሏ ሁለተኛ የወጣች ለታ
እግሬ ነው ሳላዘው ወደዚያ የዞረው።
«እሱንም ጻፈው» አለኝ፣ «ዋናው እኮ እሱ ነው።»

አሁን ደሞዜን እህቴ ፋንትዬ ትረከባለች በር ላይ ቆማ፤
መጀመሪያ ውርደት መሰለኝ፣ ወንድነቴ የታማ።
ሐሙስ ማታ ከጤና ጣቢያው ጀርባ
ስድስት ሆነን እንቀመጣለን፣ አምስት ወንበር ላይ ተጠጋግተን፤
ልብስ ሰፊ፣ መምህርት፣ ስንሻው የሚባል ገና እጁ የሚንቀጠቀጥ ልጅ።
ብዙ አንናገርም።
አንዱ ከቀረ ግን ቤቱ ድረስ ነን፤
ካልከፈተም ደጁ ላይ እንቀመጣለን።

የሚካኤል ማኅበር ዕለት ፈራሁ።
ጽዋው ሲዞር እምቢ ማለት እንዴት ይቻላል?
አባቴም፣ አያቴም ከዚያው ጠጥተዋል።
ለሙሴው አስቀድሜ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ነግሬው ነበር፤
ከጠላው ጋን ኋላ ትንሽ ማሰሮ ደብቆ ኖሮ፣
ያልቦካ ብርዝ ቀዳልኝ፣ ሌላ ወሬ እያወራ፣ ጀርባውን አዙሮ።
ከጎኔ ላቀው ነበር፣ ባለ ወፍጮው፣ ጠጥቶ የማይጠግበው፤
ዋንጫዬን አየ፣ አሸተተ፣
ከዚያ የራሱን ዘረጋ፤ «ለኔም ከሱ» አለው።
ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።

ዛሬ ማታ ድልድዩ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ።
ስንሻው ነው፤ ድምፁ ከነፋሱ ጋር ይቆራረጣል።
«የት ነህ?»
«አፋፉ ላይ» ይላል።
እዚያው ቁም፣ ወንድሜ፣ መጣሁ።
በአጭሩ ብመጣ በአምስት ደቂቃ እደርስ ነበር፣
ግን ጣሳዋ አለች፣ ታውቃታለህ፤
ስለዚህ በዙሪያው ነኝ፣ እቆይብሃለሁ።
ስልኩን አትዝጋው።
ስለ ምንም አውራኝ፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ኳሱ፤
ዳገቱ ላይ ቢያለከልከኝም እሰማሃለሁ።